መሪው ስንት ዞረ? በእጅ በተሠራ የጌም ሳጥን ላይ መሪ ስለመግጠም

ስለ አሰላና ስለ በቆጂ ሲነሣ ወሬው ዞሮ ዞሮ ሩጫ ላይ ማረፉ የታወቀ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ ከአሰላ፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ደግሞ ከበቆጂና ከአካባቢው ወጥተው የአገራችንን ስም ያስጠሩ ናቸውና ይህ አይገርምም። እኔ ግን በዚህ እትም ላጫውታችሁ የፈለግኩት ስለ ሌላ ዓይነት ሩጫ ነው፤ በእግር ሳይሆን በእጅ፣ በሜዳ ሳይሆን በስክሪን ላይ ስለሚሮጠው የመኪና ውድድር ጌም። በተለይም በእጅ በተሠራ የጌም ሳጥን ላይ የመኪና መሪ እንዴት እንደሚገጠም፣ ሥራውም ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል መስሎ ሳለ ለምን ሰው እንደሚያስቸግር ነው የምነግራችሁ።

"የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ብሎንና ስለ ኩሽኔታ መጻፍ ምን አገባት?" የሚል አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው። አንድን ነገር ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ሙያችን ነው፤ የሚብራራው ነገር ደግሞ ፓርላማና ኢኮኖሚ ብቻ አይደለም። ስለ ጌም ቤት ሲጻፍም ሆነ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ልጆች ከትምህርት ቀሩ የሚለውን ነው። ወቀሳው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ይሁን እንጂ በዚያው ቤት ውስጥ የሚሠራ እጅና የሚያስብ ጭንቅላት መኖሩን ማንም አይጽፍለትም።

አርኬድ ምንድን ነው?

ጌም ቤት ሲባል ለአብዛኞቻችን ቶሎ የሚመጣልን ጆተኒ፣ ፑልና ፕሌይስቴሽን ነው። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በጃፓን ግን ከፕሌይስቴሽን በፊት ሌላ ዘመን ነበር። ቁመታቸው ሰው የሚያህል፣ ሆዳቸው ውስጥ ቴሌቪዥንና ኤሌክትሮኒክስ የያዙ፣ ሳንቲም ሲጎርሱ ጨዋታ የሚሰጡ ማሽኖች በየአዳራሹ ይደረደሩ ነበር። አርኬድ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። አንዱ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ የሚያጫውተው አንድ ጌም ብቻ ስለነበር መቆጣጠሪያውም ለዚያ ጌም ተብሎ ይሠራ ነበር። የጦር አውሮፕላን ጌም ከሆነ ዘንግ፣ የተኩስ ከሆነ ጠመንጃ፣ የመኪና ከሆነ መሪ ማለት ነው።

አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1974 "ግራን ትራክ 10" የተባለውን ማሽን ሲያወጣ መሪ፣ ማርሽና ፔዳል አድርጎለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 የጃፓኑ ናምኮ "ፖል ፖዚሽን"ን፣ በ1986 ደግሞ ሴጋ "አውት ራን"ን አወጡ። አውት ራን ተጫዋቹ መኪና ውስጥ እንደገባ ሆኖ የሚቀመጥበት፣ መሪው ሲዞር ወንበሩ አብሮ የሚያዘነብል ዓይነትም ነበረው።

የዚያ ዘመን ማሽኖች ዛሬ ያረጁ ናቸው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1997 ኒኮላ ሳልሞሪያ የተባለ ጣሊያናዊ "ማሜ" የሚባለውን ፕሮግራም ካወጣ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ማሜ ተራ ኮምፒውተር የድሮውን አርኬድ መስሎ እንዲሠራ ያደርጋል። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ እንጨት ቆርጦ፣ አሮጌ ኮምፒውተር ሆዱ ውስጥ ከትቶ፣ የራሱን አርኬድ የሚሠራ ሰው በዛ። ዘንግና አዝራር መግጠም ለእነዚህ ሰዎች ያን ያህል አያስቸግርም። ጣጣው የሚጀምረው መሪ ሲመጣ ነው።

የአሰላው ሳጥን

ለክረምት ዕረፍት አሰላ በነበርኩበት ጊዜ ከሰፈራችን ብዙ በማይርቅ ጌም ቤት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሳጥን አየሁ። ጎንና ጎኑ ኤምዲኤፍ፣ ጀርባው ኮምፔንሳቶ፣ ሆዱ ውስጥ ያረጀ ኮምፒውተር። የጌም ቤቱ ባለቤት ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ልጆቹ ግን "ጋሼ" ይሉታል። የእቁብ ዕጣው ሲወጣለት ሌላ ፕሌይስቴሽን በመግዛት ፈንታ ይህን ሳጥን አሠራበት። ምክንያቱን ስጠይቀው፣ "እህቴ፣ ፕሌይስቴሽንማ ጎረቤቴም አለው። እኔ ጋ ብቻ ያለ ነገር ካላገኘሁ ልጁ ለምን እኔ ጋ ይመጣል?" አለኝ።

ከሌላው የሚለየው ነገር መሪው ነበር። መሪው ካልሠራ ሳጥኑ ያው ጠረጴዛ ነው፤ የእቁቡም ብር እንጨት ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ለእሱ ጉዳዩ ጨዋታ አልነበረም።

ደግሞም አሰላ ለዚህ ዓይነት ሥራ እንግዳ ከተማ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሽማግሌዎቻችን እስከ ዛሬ "ካዱ" የሚሉት፣ ከማዳበሪያና ከምርጥ ዘር ሌላ የእርሻ መሣሪያ የሚያጠና ክፍልም ነበረው። የተሻሻለ ማረሻ፣ በበሬ የሚጎተት ጋሪና የመሳሰሉት እዚህ ተሞክረዋል። የግብርና ምህንድስና የምርምር ማዕከልም አሰላ ውስጥ አለ። በአጭሩ፣ ያለውን ብረት ለአዲስ ሥራ ማዋል በዚህች ከተማ የቆየ ልማድ ነው።

አዝራር "አዎ" ይላል፣ መሪ "ይህን ያህል" ይላል

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ውድ አንባቢ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘህ የምትሄድ ከሆነ ይህን ክፍል ያዝ።

የጌም አዝራር የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ ማለት ነው። ተጭነኸዋል ወይም አልተጫንከውም፤ መሐል የለም። የድሮዎቹ አርኬዶች ዘንግም እንዲሁ ነው፤ ከሥሩ አራት ማብሪያ ማጥፊያ አለ፣ ዘንጉ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል የቀኙን ይነካል። ኮምፒውተሩ የሚሰማው "ቀኝ" የሚለውን ብቻ ነው።

በዚህ ዓይነት ዘንግ መኪና ለመንዳት ሞክሩ። መንገዱ ትንሽ ሲጠመዝዝ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ትጠመዘዛለች። ተጫዋቹም ትንሽ ቀኝ፣ መልሶ ግራ፣ መልሶ ቀኝ እያለ እንደ ሰከረ ሰው ይሄዳል። መሪ የተፈለገው ለዚህ ነው። መሪ የሚናገረው "ወደ ቀኝ" ብቻ ሳይሆን "ወደ ቀኝ ይህን ያህል" ብሎ ነው።

ልጅ ሆነን የሽቦ መኪና የሠራን ሁሉ ይህን እናውቀዋለን። ከኋላ የሚወጣው ረጅም የሽቦ መሪ በጥቂቱ ሲዞር የፊት ጎማው በጥቂቱ ይዞራል፣ በብዙ ሲዞር በብዙ። እዚያ መሪውና ጎማው በሽቦ ስለተገናኙ ልኩን የሚያስተላልፈው ሽቦው ራሱ ነው። በጌም ሳጥን ውስጥ ግን መሪው የተያያዘው ጎማ ከሌላት መኪና ጋር ነው። ሽቦው የሚያስተላልፈውን ልክ በቁጥር የሚተካ ነገር መኖር አለበት።

እንግዲህ መሪ መግጠም ማለት ክብ ነገር በሳጥን ላይ ማሰር አይደለም። መሪው ስንት እንደዞረ መለካት ነው። ቀሪው ሁሉ ለዚህ መለኪያ ሲባል የሚሠራ ነው።

ሁለት ዓይነት መሪ

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ የአርኬድ መሪዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው። ሁለት ቤተሰብ አላቸው።

የመጀመሪያው ማቆሚያ የሌለው ነው። ብታዞረው፣ ብታዞረው አያልቅም። ፖል ፖዚሽንና በ1986 የወጣው የአታሪ "ሱፐር ስፕሪንት" ይህን ይጠቀማሉ። እዚህ ላይ ጌሙ መሪው "የት ነው ያለው?" ብሎ አይጠይቅም፤ "ስንት እርምጃ ተንቀሳቀሰ፣ ወደ የትስ?" ነው የሚለው። የሚለካውም በብርሃን ነው። ዘንጉ ላይ ዙሪያውን የተቦረቦረ ክብ ይታሰራል። በአንድ በኩል ትንሽ መብራት፣ በሌላው በኩል ሁለት የብርሃን ዓይኖች ይቀመጣሉ። ክቡ ሲዞር ብርሃኑ ይቆረጣል፣ ይቀጥላል፣ ይቆረጣል። እያንዳንዱ መቆረጥ አንድ እርምጃ ነው። ዓይኖቹ ሁለት የሆኑበት ምክንያት አቅጣጫን ለማወቅ ነው፤ የትኛው ቀድሞ እንደጨለመ ሲታይ መሪው ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ መዞሩ ይታወቃል።

ይህ ነገር ለማንም ሩቅ አይደለም። ሆዱ ውስጥ ኳስ ያለው የድሮ ማውስ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ማውሱን ብትከፍቱት ሁለት የተቦረቦሩ ትንንሽ ክቦች ታያላችሁ፤ አንዱ ወደ ጎን፣ ሌላው ወደ ላይና ወደ ታች ለሚደረገው እንቅስቃሴ። ከመሪው ዘንግ ጋር የጎኑን ክብ ያገናኘ ሰው ማቆሚያ የሌለው መሪ አገኘ ማለት ነው። ማሜ ላይ ማውሱን መቀበል እንዲችል ማብራት ብቻ ነው የሚቀረው። የተጣለ ማውስ ደግሞ በየጥገና ቤቱ ሞልቷል።

ሁለተኛው ማቆሚያ ያለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ 270 ዲግሪ፣ ማለትም የአንድ ዙር ሦስት አራተኛ ይዞራል፤ ሲለቁት ወደ መሐል ይመለሳል። አውት ራንና የሴጋው "ዴይቶና ዩኤስኤ" ከዚህ ወገን ናቸው። እዚህ ላይ ጌሙ የሚጠይቀው "አሁን የት ነው ያለው?" ብሎ ነው። የሚመልስለት ፖቴንሽዮሜትር የሚባለው ዕቃ ነው፤ የሬዲዮ ጠጋኞች "ቮልዩም" የሚሉት። የሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ቁልፍ ሥር የሚገኘው ማለት ነው።

ቮልዩም ሦስት እግር አለው። በሁለቱ የዳር እግሮች ላይ 5 ቮልት ይለቀቃል። የመሐሉ እግር ዘንጉ በዞረ ቁጥር ከዜሮ እስከ 5 ቮልት ባለው መካከል የሆነ ቮልቴጅ ይሰጣል። ኮምፒውተር ቮልቴጅ አይገባውምና ወደ ቁጥር የሚለውጥለት ትንሽ ሰርኪዩት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው "አርዱይኖ ሊዮናርዶ" የሚባለው ሰሌዳ ከ0 እስከ 1023 ባለው ቁጥር ይለውጠዋል፤ በዩኤስቢ ሲሰካም ራሱን ለኮምፒውተሩ ጆይስቲክ ነኝ ብሎ ማስተዋወቅ ይችላል። ገበያ ላይ ይበልጥ የሚታወቀው "አርዱይኖ ኡኖ" ግን ይህን በቀላሉ ስለማያደርግ ገዢው ልብ ቢል ጥሩ ነው።

የትኛው ይሻላል ቢባል መልሱ ያለው ጌሙ ጋ ነው። ለፖል ፖዚሽን ማቆሚያ ያለው መሪ የገጠመ ሰው መሪው ጫፍ ደርሶ ሲቆም መኪናው ገና መዞር ሲፈልግ ያያል። ለአውት ራን ማቆሚያ የሌለው የገጠመ ደግሞ መሐሉ የት እንደሆነ በእጁ አያውቅም። ስለዚህ አስቀድሞ ጌሙን፣ ቀጥሎ መሪውን መምረጥ ነው እንጂ የተገላቢጦሽ አይሆንም። የአሰላው ሰው ከድሮዎቹ ሌላ የኮምፒውተር የመኪና ጌሞችንም ማጫወት ስለፈለገ ማቆሚያ ያለውን መረጠ። ልክ ነበር።

ለጆሮ የተሠራው ቮልዩም

አርዱይኖ አልገዛም። ጌም ቤት ውስጥ የማይጠፋ ነገር የተሰበረ ጆይፓድ ነው፤ እሱም ያን ተጠቀመ። የጆይፓድ አውራ ጣት የሚገፋው ዘንግ ከሥሩ ሁለት ትንንሽ ቮልዩሞች አሉት፣ አንዱ ለቀኝና ግራ፣ ሌላው ለላይና ታች። የቀኝና ግራውን ነቅሎ በቦታው ሦስት ሽቦ በየደ፤ ሽቦዎቹን ከመሪው ዘንግ ጋር ወደተያያዘው ትልቅ ቮልዩም ወሰዳቸው። ጆይፓዱ የተለወጠውን ነገር አያውቅም። ለእሱ አሁንም አውራ ጣት እየገፋው ነው። ብልህ ሥራ ነው፤ እዚህ ላይ ዋናው ነገር የድሮውን ትንሽ ቮልዩም ሙሉ በሙሉ መንቀል ነው፤ ሁለቱ አብረው ከተያያዙ ቁጥሩ ይዛባል።

ታዲያ ሁሉ ተገጥሞ ሲበራ መኪናዋ ወደ ግራ ትሮጥ ጀመር። መሪው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ መኪናዋ ግን ወደ ሣሩ ትገባለች። ከኋላ የተሰበሰቡት ልጆች "ሚርጋ! ሚርጋ!" እያሉ ይጮኻሉ፤ በኦሮምኛ ቀኝ ማለት ነው። ተጫዋቹ ወደ ቀኝ ጥቂት ሲያልፍ ደግሞ መኪናዋ ተስፈንጥራ በሌላው በኩል ትወጣለች። ባለቤቱ መጀመሪያ ጌሙን፣ ቀጥሎ ኮምፒውተሩን ጠረጠረ። ሁለት ቀን ሙሉ ፕሮግራም ሲያወርድና ሲጭን ከረመ።

ችግሩን ያገኙት አንድ በዕድሜ የገፉ የሬዲዮ ጠጋኝ ናቸው። ቮልዩሙን ከየት እንዳመጣው ጠየቁት። ከአሮጌ ቴፕ ነቅሎት ነበር። "ልጄ፣ ይሄ እኮ ለጆሮ የተሠራ ነው። ለእጅ አይሆንም" አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰው ጆሮ ድምፅ በእኩል መጠን ሲጨመርለት እኩል የጨመረ አይመስለውም። ስለዚህ የድምፅ ቮልዩም ሆን ተብሎ እኩል እንዳይሆን ይሠራል፤ በመጀመሪያው ግማሽ ዙር በጣም በዝግታ፣ በሁለተኛው ግማሽ በፍጥነት ይጨምራል። መሐል ላይ ሲደርስ የሚሰጠው ግማሹን ሳይሆን ከመቶ አሥር ወይም አሥራ አምስት እጅ ያህል ብቻ ነው። የጆይፓዱ ቁጥር ከ0 እስከ 255 ስለሆነ መሪው ቀጥ ሲል ኮምፒውተሩ የሚጠብቀው 128 ገደማ ነው። ያገኘው ግን 30 ገደማ ነበር። 30 ደግሞ በኮምፒውተሩ ቋንቋ "ግራ፣ በጣም ግራ" ማለት ነው።

መፍትሔው ዙሩና ቁጥሩ እኩል የሚሄዱበትን ቮልዩም መግጠም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጀርባው ላይ ከተጻፈው የእንግሊዝኛ ፊደል ይለያል፤ "ኤ" የድምፁ፣ "ቢ" እኩል የሚሄደው ነው። ለጆይፓድ ብዙውን ጊዜ የሚስማማው 10 ሺህ ኦም ነው። "ቢ" ያለበት ተገዝቶ ሲገጠም መኪናዋ ቀጥ አለች። ዋጋው ለሁለቱም ያው ነው፤ ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት።

ሌላ ትንሽ ነገር ልጨምር። መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር መኪናው ወደ ግራ ከሄደ ምንም አልተበላሸም። የዳሮቹን ሁለት ሽቦዎች ማቀያየር ነው፣ በቃ።

ብረቱና እንጨቱ

ኤሌክትሮኒክሱ ካለቀ በኋላ ጡንቻ ይመጣል። ቮልዩም በሁለት ጣት እንዲዞር የተሠራ ስስ ዕቃ ነው። መሪ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ በሙሉ ክንዱ፣ አንዳንዴም በሙሉ ሰውነቱ የሚታገለው ነገር ነው። በሁለቱ መካከል የሚቆም ብረት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ዘንጉ። መሪው የሚታሰርበት ዘንግ በሁለት ኩሽኔታ ላይ መቀመጥ አለበት፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። ኩሽኔታ አንድ ብቻ ከሆነ ዘንጉ ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል፤ ውዝዋዜውም ቮልዩሙን ይጎዳል። የአሰላው መሪ ራሱ ከአሮጌ ላዳ የተነቀለ ነው። ለእውነተኛ መኪና የተሠራ መሪ ለሳጥን ትንሽ ይሰፋል፣ የልጆቹም ክርን ከሳጥኑ ጎን ይጋጫል፤ ግን ጠንካራ ነው።

ቀጥሎ ማቆሚያው። ቮልዩም ዳር ሲደርስ የሚያቆመው ውስጡ ያለች ትንሽ ጉጥ ናት። መሪው እዚያ ድረስ እንዲዞር ከተተወ በመጀመሪያው ሳምንት ጉጧ ትሰበራለች። አሰላም የሆነው ይህ ነው፤ አንድ ጎረምሳ በኩርባ ላይ ሲታገል ቮልዩሙ ተሰብሮ መሪው ያለ ማቆሚያ መዞር ጀመረ። ከዚያ በኋላ በየጁ ዘንጉ ላይ አንድ ብረት፣ ሳጥኑ ላይ ሁለት ወፍራም ብሎን ገጠመ። ብረቱ ከብሎኑ ጋር የሚጋጨው ቮልዩሙ ዳር ሳይደርስ ነው። አሁን ጉልበቱን የሚችለው ብረት ነው፤ ቮልዩሙ የሚያውቀው ነገር የለም። ይህን ሥራ መጀመሪያ የሠራ ሰው አንድ ቮልዩም ያተርፋል።

ሦስተኛው ወደ መሐል መመለሻው ነው። ሁለት እኩል ሞላ በግራና በቀኝ ይወጠራል። ሞላ ከሌለ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ማሰሪያም ይሠራል፤ ግን ጎማ ይለጠጣል፣ ሁለቱም እኩል አይለጠጡም፣ መሪውም ከጊዜ በኋላ ቀጥ ማለት ያቅተዋል። ሞላው ይሻላል።

በመጨረሻም ሳጥኑ። መሪ ሲታገል ሳጥኑም አብሮ ይታገላል። በእንጨት ብሎን ብቻ የታሰረ ኤምዲኤፍ ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል። ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ ብሎን፣ ሰፊ ሮንዴላና ዳዶ ያስፈልጋል። ሳጥኑ ራሱ ደግሞ ከግድግዳ ጋር ይታሰር። ከኮምፒውተርና ከስክሪን ጋር ልጅ ላይ የሚወድቅ ሳጥን ቀልድ አይደለም።

ፔዳልና ማርሽ

እዚህ ላይ ፈጠን እንበል። ነዳጅ መስጫው እንደ መሪው "ይህን ያህል" ማለት አለበት፤ ስለዚህ እሱም ቮልዩም ይፈልጋል። የበር ማጠፊያና ጠንከር ያለ ሞላ ቀሪውን ይሠራሉ። ጆይፓዱ ላይ የሁለተኛው አውራ ጣት ቮልዩም ለዚህ ይውላል። ፍሬኑን ብዙ ሰው በተራ አዝራር ይተካዋል፤ ለጀማሪ ያስኬዳል። ማርሽ ደግሞ ከሁሉ ይቀላል። ፖል ፖዚሽንና አውት ራን ያላቸው ሁለት ማርሽ ብቻ ነው፤ ዝቅተኛና ከፍተኛ። አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ይበቃል። የሚገርመው፣ ፍሪሲዮን ያለው አርኬድም ነበር፤ የአታሪው "ሃርድ ድራይቪን" እ.ኤ.አ. በ1989 ሲወጣ ፍሪሲዮንም፣ በሞተር እጅን የሚታገል መሪም ነበረው። መሪን በሞተር ማታገል ግን በቤት ለሚሠራ ሰው ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነውና ለመጀመሪያ ጊዜ አይሞከር እላለሁ።

መግዛት ወይስ መሥራት?

ተሠርቶ የሚሸጥ መሪ አለ። ሎጂቴክ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው "ጂ29" ለምሳሌ 900 ዲግሪ፣ ማለትም ሁለት ዙር ተኩል ይዞራል፣ በውስጡም ሞተር አለው፤ ለፕሌይስቴሽን 3፣ ለፕሌይስቴሽን 4ና ለኮምፒውተር ይሆናል። ጥሩ ዕቃ ነው። ግን ዋጋው ለአንድ ትንሽ ጌም ቤት ከባድ ነው፤ ሲበላሽም መለዋወጫው ሩቅ ነው። በእጅ የተሠራው ሲበላሽ የሚለወጠው አንድ ቮልዩም ነው። በሌላ በኩል በእጅ የተሠራው መሪ ለኮምፒውተር እንጂ ለፕሌይስቴሽን 4 አይሆንም፤ ማሽኑ ፈቃድ የሌለውን መቆጣጠሪያ አይቀበልምና። ፕሌይስቴሽን ላይ መሪ የሚፈልግ ሰው ይግዛ። በኮምፒውተር የሚያጫውት ግን ይሥራ ባይ ነኝ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ

አንደኛው ስለ መብራት ነው። መሪው የሚሠራው በዩኤስቢ 5 ቮልት ነው፤ ማንንም አይጎዳም። ኮምፒውተሩና ስክሪኑ ግን በ220 ቮልት ነው የሚሠሩት። እንጨት ሳጥን ውስጥ፣ የልጅ እጅ በሚደርስበት ቦታ፣ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ የ220 ሽቦ ሊኖር አይገባም። ባለ 220ው ሁሉ ከታች ከኋላ፣ ቁልፍ ባለው በር ውስጥ ይሁን። ከመሪው አጠገብ 5 ቮልት ብቻ ይድረስ። መብራት ድንገት ሄዶ ሲመጣም ኮምፒውተሩ እንዳይጎዳ ማረጋጊያ ወይም ዩፒኤስ ቢኖረው መልካም ነው።

ሁለተኛው ስለ ሕግ ነው። ማሜ ራሱ ነጻ ፕሮግራም ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ለንግድም እንዲያገለግል ተፈቅዷል። በላዩ የሚሄዱት ጌሞች ግን የባለቤቶቻቸው ናቸው። በአገራችንም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። ብር እያስከፈለ የሚያጫውት ሰው ይህን ማወቅ አለበት። ደግነቱ በነጻ የተለቀቁ፣ ለንግድም የማይከለከሉ የመኪና ጌሞች አሉ፤ "ሱፐርታክስካርት" አንዱ ነው። ልጆች ይወዱታል፣ ለአሮጌ ኮምፒውተርም ቀለል ያለ ደረጃ አለው፣ መሪንም ይቀበላል።

ለማጠቃለል

መሪ መግጠም የሚፈልግ ሰው ቅደም ተከተሉን እንዲህ ቢይዘው ብርም ድካምም ይተርፈዋል። በመጀመሪያ የሚያጫውተውን ጌም ይምረጥ፤ ጌሙ ማቆሚያ ያለው ወይም የሌለው መሪ እንደሚፈልግ ይነግረዋል። ቀጥሎ መለኪያውን ይምረጥ፤ ማቆሚያ ለሌለው የድሮ ማውስ፣ ላለው ደግሞ "ቢ" የተጻፈበት ቮልዩም። መለኪያውን ከሳጥኑ ውጭ፣ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ በጣቱ እያዞረ ይሞክረው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ሲሄድ ካየ በኋላ ብቻ ወደ ብረቱ ይሂድ። ብረቱ ላይ ከሁሉ በፊት ማቆሚያውን ይሥራ።

የአሰላው ሳጥን ይህን ስጽፍ እየሠራ ነው። የእቁቡን ብር መልሷል ወይ ብዬ ስጠይቀው ባለቤቱ ገና ነው አለኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ሰልፍ አለው። እኔን ከሰልፉ ይልቅ የሳበኝ ሌላ ነገር ነው። መሪው ለምን ወደ ግራ እንደሳበና "ቢ" የምትለው ፊደል ምን እንደሠራች ከልጆቹ መካከል ሦስት አራቱ ለሚመጣው ሁሉ ያስረዳሉ። ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ስለ ሬዚስተር ስንማር እንዲህ ቢነገረን ኖሮ ብዙዎቻችን ትምህርቱን ባልፈራነው ነበር። ጌም ቤትን ለመውቀስ ስንነሣ ይህንንም ከሒሳቡ ብንጨምር አይከፋም።